የተበጠሰ የጉልበት ጅማት፣ ቀዶ ሕክምናውና ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት፦ በጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በኳስ ሜዳ፣ በሞተር ሳይክል አደጋ ወይም ቁልቁለት ላይ ተንሸራትተው ጉልበታቸው ለተጠመዘዘና «ጅማት ተበጥሷል» ለተባሉ ሰዎች፣ እንዲሁም ለአስታማሚዎቻቸው የተጻፈ ነው። ጠያቂዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ቀዶ ሕክምናው የሚደረግበትን ቀን ነው። መልሶቻችን ግን የሚያዘነብሉት ከዚያ ቀን በፊት ወዳሉት ሳምንታትና ከዚያ በኋላ ወዳሉት ወራት ነው፤ ጉልበት የሚጸናው በእነዚያ ጊዜያት ነውና።

ጅማቴ ተበጥሷል ተባልሁ። የትኛው ጅማት ነው?

ጉልበትን በዋናነት የሚይዙት አራት ጅማቶች ናቸው። አንዱ በውስጠኛው ጎን፣ አንዱ በውጨኛው ጎን ይወርዳል። የቀሩት ሁለቱ መገጣጠሚያው መካከል ተመሳቅለው ስለሚያልፉ መስቀለኛ ጅማቶች ይባላሉ፤ የፊተኛውና የኋለኛው። በኳስ ተጫዋቾች ላይ በብዛት ወደ ቀዶ ሕክምና የሚያደርሰው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ነው። ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ የቅልጥም አጥንት ከጭን አጥንት ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እንዳይጠመዘዝ የሚይዘው እሱ ነው።

የትኛው እንደተበጠሰ ማወቅ የግድ ነው፤ ሕክምናቸው የተለያየ ነውና። የውስጠኛው ጎን ጅማት ደም በደንብ ያገኛል፤ ብቻውን ከተጎዳ በጉልበት ማሰሪያና በእንቅስቃሴ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይድናል። የፊተኛው መስቀለኛ ግን በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተከብቦ ስለሚኖር የተበጠሱትን ጫፎች የሚያገናኝ የረጋ ደም በቦታው አይቆይም፤ ብዙውን ጊዜ ጫፎቹ ተራርቀው ይቀራሉ። ስለዚህ «የጎረቤታችን ልጅ ጅማቱ ተበጥሶ ያለ ምንም ቀዶ ሕክምና ድኗል» የሚል ምስክርነት ሲሰሙ፣ መጀመሪያ የትኛው ጅማት እንደነበር ይጠይቁ።

ማንም ሳይነካኝ ነው የወደቅሁት። ያለ ግጭት ጅማት ይበጠሳል?

ይበጠሳል፤ እንዲያውም የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት የሚበጠሰው በአብዛኛው ያለ ግጭት ነው። ተጫዋቹ በሩጫ ላይ እያለ በድንገት ሊቆም ወይም አቅጣጫ ሊቀይር ሲል፣ አልያም ዘሎ በአንድ እግሩ ሲያርፍ፣ እግሩ መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነቱ ይዞራል። ብዙዎች «ቋ» የሚል ድምፅ እንደሰሙ ይናገራሉ። ጉልበቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካበጠ ምናልባት ውስጡ ደም ፈሷል፤ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ምልክት አይደለም።

ችግሩ ሕመሙ ቶሎ መቀነሱ ነው። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውየው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ያለ ችግር ይራመዳል፤ ወለምታ ነበር ብሎ ይተወዋል። ከዚያ አንድ ቀን ዞር ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል።

በዚያው ቀን ምን ላድርግ?

ጨዋታውን ያቁሙ፤ እግርዎን ከፍ አድርገው ያሳርፉ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ በየጥቂት ሰዓቱ ይያዙበት። አራት እርምጃ መራመድ ካልቻሉ ወይም ጉልበትዎ 90 ዲግሪ መታጠፍ ካቃተው የአጥንት ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ ያስፈልጋል።

አንድ ሁኔታ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም። ጉልበቱ ከቦታው ከወጣ፣ ወጥቶ ራሱ ተመልሶ ቢሆንም እንኳ፣ ወይም መርገጫው ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ ከደነዘዘ፣ ከጉልበት ጀርባ የሚያልፈው የደም ቧንቧ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳት በሰዓታት ውስጥ ካልተጠገነ እግሩን እስከ ማጣት ያደርሳል። በተለይ ከሞተር ሳይክል ወይም ከባጃጅ አደጋ በኋላ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ወጌሻ ዘንድ ሄጄ ታሽቻለሁ። ጥፋት ነው?

ለሐኪሙ ሳይሸሽጉ ይንገሩት፤ የሚቆጣዎት ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው። ወጌሻ ቅርብ ነው፣ ዋጋው አይከብድም፣ ሰው ያምነዋል፤ ሰው መሄዱ አይገርምም። ሆኖም መገጣጠሚያው መካከል የተበጠሰ ጅማት ላይ ከውጭ የሚደርስ እጅ የለም። ያበጠ ጉልበትን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሸት መድማቱንና እብጠቱን ያባብሳል። ከሁሉም የሚከፋው በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ አጥብቆ ማሰር ነው፤ ደም ተቋርጦ እጅና እግር የተቆረጠባቸው ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቁ ናቸው። ከታሰረ በኋላ ጣቶች ካበጡ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እስሩን ወዲያው ይፍቱና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ራጅ ተነሥቼ «ምንም የለም» ተባልሁ። ታዲያ ጉልበቴ ለምን ይከዳኛል?

ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ ጅማት አይታይበትም። «ምንም የለም» ማለት «አጥንት አልተሰበረም» ማለት ብቻ ነው። ጅማቱን የሚፈትሸው በመጀመሪያ የሠለጠነ እጅ ነው፦ ሐኪሙ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጉልበቱን በጥቂቱ አጥፎ ቅልጥሙን ወደ ፊት ይስባል፤ ከጤነኛው ጉልበት ጋር እያነጻጸረ ምን ያህል እንደሚንሸራተት ይመለከታል። ጉልበቱ ባበጠበትና ባመመበት ሰዓት ጡንቻው ስለሚገትር ምርመራው ያሳስታል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ መድገም ይገባል። ኤምአርአይ ጅማቱን፣ ሜኒስከስ የሚባለውን በሁለቱ አጥንቶች መካከል የሚገኝ ልባስና የአጥንቱን ሽፋን ያሳያል። ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ጠቃሚ ነው፤ በእጅ ሳይመረመሩ ግን ለኤምአርአይ ገንዘብ ለመበደር አይጣደፉ።

ቀዶ ሕክምና ግዴታ ነው?

አይደለም። በዚህ ገጽ ላይ አንድ መልስ ብቻ የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህን ቢያነብ እንመርጣለን።

በስዊድን 121 ወጣቶችና ጎልማሶች የፊተኛው መስቀለኛ ጅማታቸው ተበጥሶ በሁለት ተመድበው ተጠንተዋል። አንደኛው ቡድን ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሌላው በእንቅስቃሴ ሕክምና ጀምሮ፣ ጉልበቱ አልጸና ያለው ብቻ በኋላ እንዲሠራ ተደረገ። ውጤቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ታተመ፤ ክትትሉም ቀጠለ። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በእንቅስቃሴ ከጀመሩት ግማሽ ያህሉ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው ቀርተዋል። የሁለቱ ቡድኖች የጉልበት ሕመምና አገልግሎትም የጎላ ልዩነት አልታየበትም። ጥናቱ ፕሮፌሽናል ስፖርተኞችን እንዳላካተተ ግን መዘንጋት የለበትም።

ስለዚህ ሚዛኑ የኤምአርአዩ ወረቀት ሳይሆን የጉልበቱ ጠባይ ነው። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጥሶም የጭኑ ጡንቻ ጠንክሮ ጉልበቱን የሚይዝለት ሰው አለ። አስተማሪ፣ ባለሱቅ፣ ሾፌር፣ ኳስ ለመተው ፈቃደኛ የሆነ ሰው፣ በባለሙያ የተመራ የሦስት ወር ልምምድ ሳይሞክር ወደ ቀዶ ሕክምና መሮጥ የለበትም እንላለን። በሌላ በኩል ጉልበቱ ከልምምድ በኋላም የሚከዳው፣ ከአንድ በላይ ጅማት የተበጠሰበት፣ የተቀደደ ሜኒስከስ ገብቶበት ጉልበቱ ተቆልፎ የማይዘረጋ፣ ወይም ወደ ውድድር መመለስ የሚፈልግ ወጣት ተጫዋች ቀዶ ሕክምና ይጠቅመዋል።

ከሁለቱም የሚከፋ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ያሳዝናል እንጂ ብዙ ሰው የሚሄደው በእሱ ነው። ልምምድም ቀዶ ሕክምናም ሳያደርጉ፣ ጉልበትን በጨርቅ አስሮ ቅዳሜና እሑድ ኳስ መጫወት። ጉልበቱ በከዳ ቁጥር ሜኒስከሱ ሊቀደድ፣ የአጥንቱ ሽፋንም ሊጎዳ ይችላል። ጅማት ሊተካ ይቻላል፤ ያለቀ የአጥንት ሽፋን ግን እንደ ቀድሞው አይመለስም።

ወረፋው ረጅም ነው። መዘግየቱ ይጎዳኛል?

ጉልበቱ እስካልከዳዎትና እስካልተቆለፈ ድረስ የጥቂት ሳምንታት መዘግየት አይጎዳም። እንዲያውም ያበጠና በደንብ የማይዘረጋ ጉልበት ቸኩሎ ከተሠራ በኋላ ግትር ሆኖ የመቅረት አደጋ አለው። ሐኪሞች የሚመርጡት እብጠቱ የወረደ፣ እስከ መጨረሻው የሚዘረጋና የፊተኛው የጭን ጡንቻ የነቃለት ጉልበት ነው። ወረፋውን በልምምድ ይጠቀሙበት፤ ጠንክሮ የገባ ጡንቻ ቶሎ ያገግማል። የተቆለፈ ጉልበት ወይም የብዙ ጅማቶች ጉዳት ካለ ግን ይህን ለሐኪሙ ተናግረው ቀጠሮው እንዲቀርብ ይጠይቁ።

ከቋንጃዬ ጅማት ወስደው ጉልበቴ ውስጥ ያስገባሉ ሲሉኝ ደነገጥሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን እንደሚፈሩት አይደለም። የተበጠሰው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት በአብዛኛው አይሰፋም፤ በሌላ ጅማት ይተካል። ምትኩ ከራስዎ አካል ይወሰዳል፦ ከቋንጃ፣ ከጉልበት ሎሚ በታች ካለው ጅማት ወይም ከሎሚው በላይ ካለው። ከቋንጃ ሲሆን ከብዙዎቹ አንድ ወይም ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች ብቻ ይወጣሉ። የቀሩት ሥራውን ይሸፍናሉ፤ የተወሰደውም በብዙ ሰዎች ላይ በከፊል መልሶ ያድጋል። የሎሚው ጅማት ከአጥንት ጋር ቶሎ ይጣበቃል፤ ነገር ግን ሲንበረከኩ ሕመም ሊያስቀር ይችላል። ስግደት የዕለት ተዕለት ሕይወትዎ ከሆነ፣ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ፣ ይህን ለቀዶ ሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩት። እሱ ላይጠይቅዎት ይችላል።

ሥራው የሚከናወነው ብዙ ጊዜ በአርትሮስኮፒ ነው። ከወገብ በታች ወይም ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣል፤ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ይገባል። ምትኩ ጅማት ታጥፎ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይደርሳል፤ በጭንና በቅልጥም አጥንት ውስጥ በተበሳ ቦይ አልፎ በብሎን ወይም በትንሽ ቁልፍ ይያዛል። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የተቀደደ ሜኒስከስ ካለ በዚያው ይሰፋል።

ብሎኑ በኋላ ይወጣል?

ካላስቸገረ አይወጣም።

ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ተጻፈልኝ። ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ቀዶ ሐኪሙ ይህን ሥራ አዘውትሮ ይሠራል ወይ? ሁለተኛ፣ የልምምድ መመሪያው በጽሑፍ ይሰጠኛል ወይ? ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል። ሜኒስከስ ተሰፍቶ እንደሆነ፣ መቼ መርገጥ እንደሚፈቀድና እስከ ስንት ዲግሪ መታጠፍ እንደሚቻል ካልተጻፈ፣ ጎንደር ላይ የሚቀበልዎት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በግምት ሊሠራ ነው። ከመሄድዎ በፊት እዚሁ የሚከታተልዎትን ባለሙያ ያግኙ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን የሚያሠለጥን በመሆኑ ከተማው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው።

ለመልሱ ጉዞ ደግሞ፦ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለረጅም ሰዓት ታጥፎ መቀመጥ የደም መርጋት አደጋን ይጨምራል። ከተቻለ በአውሮፕላን እስከ አዘዞ ይምጡ፤ ካልተቻለ ጉዞውን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ያዘግዩት፣ መንገድ ላይ እየወረዱ ይንቀሳቀሱ፣ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁ። ባትዎ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎትና ደረትዎን ከወጋዎት፣ ወዲያው ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ይግቡ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ወራት እንዴት ያልፋሉ?

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዋናው ሥራ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ነው። እናቶች ለልጃቸው አዝነው ከጉልበቱ ሥር ትራስ ያደርጋሉ፤ እጅግ የተለመደው ስሕተት ይህ ነው። ጉልበቱ ታጥፎ ካረፈ ታጥፎ ይቀራል። ትራሱ ከተረከዝ ሥር ይሁን፤ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ይዘርጋ። የጭንን ጡንቻ አጥብቆ ጉልበቱን ወደ ፍራሹ መጫን፣ ለጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ በቀን ደጋግሞ። ሕመሙ ልምምዱን እስኪከለክል ድረስ አይታገሡ፤ ማስታገሻው የታዘዘው ለዚህ ነው። ስፌት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። ክራንች ለሁለት ሳምንት ገደማ ይያዛል፤ ሜኒስከስ ከተሰፋ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊደርስ ይችላል።

የጎንደር ዳገትና ኮብልስቶን ለክራንች የተመቸ አይደለም፤ በክረምት ደግሞ ያንሸራትታል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም። ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ ጉልበትን ይፈትናል፤ በመጀመሪያው ወር ለመውረድ ባጃጅ መያዝ ስንፍና አይደለም።

ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ አታላይ ነው። ሕመሙ ጠፍቷል፣ እብጠቱ ወርዷል፣ ክራንቹ ተጥሏል። ውስጥ ያለው ምትክ ጅማት ግን አዲስ የደም ሥር እያበቀለ ራሱን የሚለውጥበት፣ ከሁሉ ጊዜ ይበልጥ የሚደክምበት ወቅት ነው፤ እንደ እርጥብ ጠፍር ይለጠጣል። ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ዘፈን ቤት ገብቶ እስክስታ የሚወርደው፣ ጥምቀት ከደረሰ ደግሞ በፋሲለደስ መዋኛ ሰው መካከል የሚገፋፋውና ወደ ውኃው የሚዘለው በዚህ ሰዓት ነው። የቆመ ብስክሌት መንዳት፣ በልክ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ የዚህ ጊዜ ሥራዎች ናቸው። በቀጥታ መስመር መሮጥ የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ወር፣ ጡንቻው በቂ ሲሆን ነው፤ መዝለልና መታጠፍ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

መጸዳጃ ቤታችን ተቀምጦ የሚጠቀሙበት አይደለም። ምን ይሻላል?

መሃሉ የተቦረቦረ ወንበር አናጢ ዘንድ ያሠሩ፤ ከቀዶ ሕክምናው ቀን በፊት። ሙሉ በሙሉ ቁጢጥ ማለት ለጥቂት ወራት፣ በተለይ ሜኒስከስ ከተሰፋ፣ አይፈቀድም። ቡና የሚፈላበት በርጩማና ዝቅ ያለ ምጣድም እንደዚሁ ነው፤ ከፍ ያለ ወንበር ይፈለግ፣ እንጀራውን ለጊዜው ሌላ ሰው ይጋግር።

ጸበል መጠመቅ፣ መጾምስ?

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ውኃ አይንካው፤ ጸበልም ቢሆን። መጠጣትና ሌላውን አካል መጠመቅ ይቻላል። ጉልበት ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን ከመቶ አንድ ሰው እንኳ የማይሞላ ነው፤ ግን ሲከሰት ምትኩን ጅማት ሊያበላሽ ይችላል። ትኩሳት፣ እየጨመረ የሚሄድ መቅላትና መግል ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ።

በጾም ወቅት ጡንቻ የሚገነባ ምግብ አይጠፋም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ አሉ። መጠኑን ይጨምሩ። ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ሆኖ ማስታገሻ መዋጥ ነው። የነፍስ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ የሚሰጥ ሥርዓት ነው።

ባጃጅ ነው የምነዳው። መቼ ሥራ እጀምራለሁ?

ፍሬኑ በቀኝ እግር ስለሚረገጥ ቀኝ ጉልበት የተሠራለት ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት መታገሥ አለበት፤ ክራንች ሳይዝ፣ ሳያመው፣ በድንገት አጥብቆ መርገጥ ሲችል ብቻ ይጀምር። ወንበር ላይ የሚሠራ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ሸክም፣ እርሻና የግንባታ ሥራ ግን ወራት ይጠይቃሉ፤ ይህን አስቀድሞ ከአሠሪና ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ይገባል።

ኳስስ?

ቢያንስ ከ9 ወር በኋላ። የሊቨርፑሉ ቨርጂል ቫን ዳይክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥቅምት 2020 ተጎድቶ ወደ ሊግ ጨዋታ የተመለሰው በነሐሴ 2021 ነበር፤ ያን ሁሉ ባለሙያ ከጎኑ ይዞ። በኖርዌይ የተደረገ ጥናት እስከ 9ኛው ወር ድረስ መመለስን በአንድ ወር ማዘግየት ጉልበት እንደገና የመጎዳቱን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቀን መቁጠር ብቻ ግን አይበቃም። የተሠራው እግር ጡንቻ ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት፤ በአንድ እግር ዘሎ በማረፍ የሚለካው ርቀትም እንደዚሁ። ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች የሆኑ ተጫዋቾች እንደገና የመበጠስ አደጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ደግሞም የሚበጠሰው የተሠራው ብቻ አይደለም፣ ጤነኛው ጉልበትም ነው። አሠልጣኙ «ዋንጫው ደርሷል» ቢልም መልሱ አይለወጥም።

ጉልበቴ እንደ ድሮው ይሆናል?

አብዛኛው ሰው ወደ ሥራውና ወደ ዕለት ኑሮው ይመለሳል፤ መክዳቱም ይቆማል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ክፉኛ የተጎዳ ጉልበት፣ ተሠራም አልተሠራም፣ ከዓመታት በኋላ በመገጣጠሚያ ብግነት የመታመም ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ቀዶ ሕክምናው ይህን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ ያስቀራል ያለዎት ካለ ከልክ በላይ ቃል ገብቷል። ክብደትን መጠበቅና የጭን ጡንቻን ማጠንከር አደጋውን ለመቀነስ የሚረዱ፣ በእጅዎ ያሉ ነገሮች ናቸው።

የልጆች ቡድን አሠለጥናለሁ። መከላከል ይቻላል?

ይቻላል፤ ዋጋውም ኢምንት ነው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ያዩ ልጆች ዛሬ በየሠፈሩ ጠጠር ላይ ይጫወታሉ፤ ሰውነታቸውን ሳያሟሙቁ። ፊፋ 11+ የሚባለው የማሟሟቂያ ፕሮግራም 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ሩጫ፣ የጭንና የሆድ ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ዘሎ ማረፍን ያካትታል። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ በትክክል ከተሠራ የጉልበት ጉዳትን እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ለሴት ልጆች ቡድን ይበልጥ ያስፈልጋል፤ በተመሳሳይ ስፖርት የሴቶች የፊተኛ መስቀለኛ ጅማት ከወንዶች ይልቅ በብዛት ይበጠሳልና። ልጆቹ ዘለው ሲያርፉ ከፊት ለፊታቸው ቆመው ጉልበታቸውን ይመልከቱ፤ ሁለቱ ጉልበቶች ወደ ውስጥ የሚጋጩበት ልጅ ካለ፣ ጉልበቱ ከእግሩ ጣቶች ጋር በአንድ መስመር እስኪያርፍ ድረስ ከፍታውን ቀንሰው ደጋግመው ያለማምዱት።